የባሕር ዳር መድፍ የትኛው ባሕር ዳር ነው?

እንደምን ከረማችሁ። ጥያቄዎቻችሁ ተከማችተዋል፣ ግን አንድ የሽምብጥ እናት የላኩልን ደብዳቤ ስለያዘኝ አብዛኛውን ቦታ ለሳቸው ሰጥቻለሁ፣ ሌሎቻችሁ አትቀየሙ፣ አጠር አጠር አድርጌ ከታች አስገብቻችኋለሁ። ዓመቶቹን በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፋቸው፣ በኛ ሲሆን እነግራችኋለሁ።

ጥያቄ፦ ልጆቼ እንደምን ናችሁ። ልጄ ሲያትል ነው የምትኖረው፣ ባለፈው ክረምት ወስዳኝ ሁለት ወር ተኩል ተቀምጬ መጣሁ። አንድ እሁድ መኪናችንን በትልቅ መርከብ ጭነን ተሻገርንና ፓርክ ነው ብላ አንድ ቦታ ወሰደችኝ። ሳሩ ለጉድ ነው፣ ባሕሩ ፊት ለፊት፣ ልጆች በክር የሚያዝ ካይት ያበራሉ፣ ሰው ምግቡን ዘርግቶ ይበላል። ዞር ስል ግን ግራጫ የሲሚንቶ ግንብ፣ ከጨለማ ክፍል ወደ ጨለማ ክፍል የሚያስገባ፣ ደሞ የዋንዛ ግንድ የሚያካክሉ ሁለት መድፎች ቆመዋል። ምንድነው ብላት "የድሮ የባሕር ዳር መድፍ ነው" አለችኝ። አገሬ ገብቼ ለጎረቤት ይሄንኑ ብናገር "የባሕር ዳርን መድፍ ማን አሜሪካ ወሰደው፣ ጣሊያን ሸጦት ነው?" ብለው ሳቁብኝ። ለመሆኑ ማን ሊመጣባቸው ነው ያን ሁሉ ግንብ የሰሩት? መድፉ ከግንብ ጀርባ ተቀብሮ ባሕሩን እንዴት ያየዋል? ደሞስ እንዲህ ያለ ዳርቻ እንዴት ሆቴል ሳይሰራበት ቀረ?

መልስ፦ እትዬ፣ ለጎረቤቶችዎ ይንገሩልኝ፣ ጣሊያን አልሸጠውም። ጥፋቱ የከተማችን ስም ነው፣ ሌላው ዓለም "ባሕር ዳር" ሲል የትኛውንም ዳርቻ ማለቱ ነው፣ እኛ ግን ሐይቅ ይዘን ስሙን ለራሳችን ወሰድነው፣ ስለዚህ ስለ ባሕር ዳር ምሽግ ማውራት እዚህ ከተማ ትንሽ ይቸግራል።

ካይቱ፣ መርከቡና ሁለቱ መድፎች ሲደመሩ የሄዱበት ቦታ ዊድቢ ደሴት ላይ ያለው ፎርት ኬዚ ነው። ሲያትል ውቅያኖሱ ዳር ያለች ይመስለናል እንጂ አይደለችም፣ ፑጀት ሳውንድ የሚባል ወደ ውስጥ ርቆ የገባ የባሕር ክንድ ዳር ነው የተቀመጠችው፣ እዛ ለመድረስ መርከብ ሁሉ አድሚራልቲ ኢንሌት በሚባል ጠባብ በር ማለፍ አለበት። አባይ ከጣና የሚወጣበትን ቦታ ያስቡት፣ ግራና ቀኝ ሰው ከቆመ ጉማሬ እንኳ ሳይታይ አያልፍም። አሜሪካኖቹ እዛ በር ላይ ሦስት ምሽግ አቆሙ፣ የርስዎ ፎርት ኬዚ አንዱ ነው፣ ፎርት ዎርደን ፖርት ታውንሴንድ ከተማ ጥግ ላይ፣ ፎርት ፍላግለር ደግሞ ማሮውስቶን ደሴት ላይ። የሦስቱ መድፎች ተኩስ መሃል ላይ ስለሚገናኝ ቦታውን "የእሳት ሦስት ማዕዘን" ይሉታል። ሥራው የተጀመረው በ1897 አካባቢ ነው፣ ማለትም እኛ አድዋ ላይ በተዋጋን በዓመቱ።

ማን ሊመጣባቸው ላሉት፣ እንዲህ ያለ ጦር ተነስቷል ተብሎ አልነበረም። ነገሩ ፍርሃት ነው። በርስ በርስ ጦርነታቸው ጊዜ አዲሱ መድፍ የድሮውን የጡብ ምሽግ እንደ ገል ሲሰባብረው አይተዋል፣ አውሮፓውያን ደሞ የብረት የጦር መርከብ እየሰሩ ነበር። በ1885 ፕሬዚዳንት ክሊቭላንድ በጦር ሚኒስትራቸው በኤንዲኮት የሚመራ ቦርድ አቋቁመው ዳርቻችንን አጥኑ አሉ፣ በዓመቱ የመጣው ሪፖርት ወደ 29 ቦታዎች ይጠናከሩ፣ ወጪው ወደ 127 ሚሊዮን ዶላር ይሆናል የሚል ነበር፣ በዛን ዘመን ገንዘብ! ፑጀት ሳውንድ ውስጥ ደግሞ ብሬመርተን ላይ የባሕር ኃይሉ መርከብ የሚጠገንበት ቦታ አለ፣ ከወሽመጡ ማዶ በካናዳ በኩል እንግሊዝ ኤስኳይሞልት ላይ የጦር መርከብ ሰፈር አላት። ጎረቤትህ ወዳጅህ ቢሆንም በርህን ትዘጋለህ አይደል፣ እንደዛ ነው።

ወደ ጉድጓዱ እንምጣ፣ እኔ በጣም የምወደው ክፍል ይሄ ነው። ያዩት መድፍ የአፉ ስፋት 10 ኢንች ነው፣ 25 ሴንቲ ሜትር በሉት፣ አንዱ ጥይት ወደ 280 ኪሎ ይመዝናል፣ ሦስት ኩንታል ጤፍ ሊሞላ ትንሽ የቀረው ማለት ነው፣ ይሄንን ከ10 ኪሎ ሜትር በላይ ይወረውረዋል። ችግሩ መድፍ ሲተኩስ ይታያል፣ ከታየ ደሞ መርከቡ መልሶ ይመታዋል። ስለዚህ ተደብቆ የሚጎርስ፣ ብቅ ብሎ የሚተኩስ፣ ተመልሶ የሚደበቅ መድፍ ሰሩ። አሠራሩ ገበያ ላይ እንዳለ ባለ ሁለት ሳህን ሚዛን ነው። አንደኛው ጫፍ ላይ መድፉ፣ ሌላኛው ጫፍ ላይ ከታች ጉድጓድ ውስጥ የተንጠለጠለ ከባድ የእርሳስ ክብደት። ወታደሮቹ ከግንቡ ጀርባ መድፉን ዝቅ እንዳለ ያጎርሱታል፣ መያዣውን ሲለቁት ክብደቱ ይወርድና መድፉ ከግንቡ በላይ ብቅ ይላል፣ ይተኩሳል፣ ሲተኩስ ወደኋላ የሚመታው ጉልበት ራሱ መድፉን ገፍቶ ወደ ታች ይመልሰዋል፣ ክብደቱም ወደ ላይ ይወጣል፣ መያዣው ቀጭ ብሎ ይይዘዋል። ጄኔሬተር የለ፣ ሞተር የለ። ሃሳቡን ያዋቀሩት ቡፊንግተንና ክሮዚየር የሚባሉ ሁለት መኮንኖች ስለሆኑ ስሙም በነሱ ነው የሚጠራው።

"ባሕሩን እንዴት ያየዋል" ያሉት ደግሞ ጥሩ ጥያቄ ነው ምክንያቱም መድፈኛው አብዛኛውን ጊዜ አያየውም። የሚያዩት ሌሎች ናቸው። አንድ ሰው መርከብ ማቆሚያው ጋ ይቁም፣ ሌላው ቤዛዊት ኮረብታ ላይ፣ ሁለቱም ወደ ዘጌ የምትሄድ አንዲት ጀልባ ላይ ያነጣጥሩ፣ እያንዳንዳቸው ጀልባዋን በየትኛው አንግል እንዳዩዋት በስልክ ለሦስተኛ ሰው ይንገሩ። ሦስተኛው ሰው ጨለማ ክፍል ውስጥ ካርታ ዘርግቶ ተቀምጧል፣ ሁለቱን መስመር ሲያሰምር የሚገናኙበት ነጥብ ጀልባዋ ያለችበት ነው፣ ትንሽ ቆይቶ ድጋሚ ሲያሰምር በየት በኩል እየሄደች እንደሆነ ያውቃል፣ ከዛ መድፈኞቹን "እዚህ ሳይሆን እዛ ጋ ተኩሱ፣ ጥይቱ እስኪደርስ እዛ ትደርሳለች" ይላቸዋል። እንግዲህ ያ ያስፈራዎት ጨለማ ክፍል ግማሹ የጥይትና የባሩድ መጋዘን፣ ሌላው ይሄ የሂሳብ ቤት ነው። ከኋላ በኩል ደሞ እንደ ትልቅ ጉድጓድ የሆነ ቦታ አይተው ከሆነ ሞርታር የነበረበት ነው፣ ፎርት ኬዚ 16 ሞርታር ነበረው፣ ጥይታቸውን ወደ ሰማይ ይልኩትና ከላይ መርከቡ ጀርባ ላይ ይወድቃል፣ የመርከብ ጎኑ ወፍራም ብረት ነው፣ ጀርባው ግን ስስ ነው።

ይሄ ሁሉ ተሰርቶ ስንት መርከብ መታ? ዜሮ። አንድም የጠላት መርከብ በዛ በር አልመጣም። የበለጠ የሚያስቀው፣ ግንቡ አልቆ ወታደሩ ተመቻችቶ ሊቀመጥ ሲል በ1903 ራይት የሚባሉት ወንድማማቾች አውሮፕላን አበረሩ። የመድፎቹ መቆሚያ ከፊት በኩል ወፍራም ኮንክሪትና አፈር አለው፣ ከላይ ግን ጣሪያ የለውም፣ ክፍት ነው። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ብዙዎቹ መድፎች እየተነቀሉ ለአውሮፓው ጦርነት ተፈለጉ፣ የተረፉት ቆይቶ ቁርጥራጭ ብረት ሆነው ቀለጡ፣ የባሕር ዳርቻ መድፈኛ ክፍሉም ራሱ በ1950 ፈረሰ። "ታዲያ እኔ ያየሁት መድፍ?" ይበሉኝ። እትዬ፣ እሱ የዛ አገር ነዋሪ አይደለም፣ ከፊሊፒንስ ነው የመጣው! አሜሪካኖቹ ፊሊፒንስን በያዙ ጊዜ ሱቢክ የባሕር ሰላጤ ላይ ፎርት ዊንት የሚባል ተመሳሳይ ምሽግ ሰርተው ነበር፣ መድፎቹ እዛ ተረስተው ስለቀሩ በ1960ዎቹ ተጭነው መጥተው ባዶው ቦታ ላይ ተተከሉ። እንግዲህ ጎረቤቶችዎ መድፉ ከሌላ አገር የተጓዘ መሆኑን ሳያውቁ ገምተዋል ማለት ነው፣ የተሳሳቱት አገሩን ብቻ ነው።

ሆቴሉ ጋ ስደርስ ትንሽ ልዘገይ ነው፣ ይታገሱኝ። ሰው ሁሉ "ምሽጉን አፍርሰው ፓርክ ሰሩ" ይላል፣ እኔ ግን ነገሩ የተገላቢጦሽ ይመስለኛል። ወታደሩ ያንን ዳርቻ ከሃምሳ ዓመት በላይ አጥሮ ያዘው፣ ማንም ቤት እንዳይሰራ፣ ማንም መጋዘን እንዳይተክል፣ ደኑን እንዳይቆርጥ። ሲያትል ስታድግ፣ የባሕሩ ዳር በወደብና በፋብሪካና በባለሀብት ቪላ ሲሞላ እነዚህ ሦስት ጥጎች ባዶ ቀሩ። ሰራዊቱ አልፈልግም ብሎ ሲተዋቸው ክፍለ ግዛቱ ገዛቸው፣ ኬዚና ፍላግለር በ1950ዎቹ ፓርክ ወደመሆን ሄዱ። ዎርደን ግን ትንሽ ተንከራቷል፣ ሰራዊቱ በ1953 ለቀቀው፣ በ1957 ክፍለ ግዛቱ ገዝቶ ጥፋት ላጠፉ ልጆች ማረሚያ አደረገው፣ ፓርክ ሆኖ የተከፈተው በ1973 ነው። የመኮንኖቹ ቤቶች አሁን ለእንግዳ ይከራያሉ፣ ስለዚህ "ሆቴል የለም" ያሉት ሙሉ በሙሉ ልክ አይደለም፣ ሆቴሉ አለ፣ ዳርቻውን ግን አልወሰደውም።

ይሄንን ስጽፍ የኛው ጣና ፊቴ ድቅን አለብኝ። ከከተማችን አንድ ጫፍ እስከ ሌላው በእግር ውሃውን እያየሁ ልሂድ ብሎ የተነሳ ሰው ስንት አጥር እንደሚገጥመው ሽምብጥ ተቀምጠው ለርስዎ አልነግርዎትም። የሆነ ቦታ ቡና ካላዘዝክ ውሃ አታይም፣ የሆነ ቦታ ዘበኛው "ወዴት ነው?" ይልሃል፣ ዋርካው ስር እፎይ የሚሉበት ቦታ እያነሰ ነው፣ ደንገሉም እንደዛው። ወታደር ይጠርልን እያልኩ አይደለም ደሞ፣ እንዳታስመቱኝ። ግን አንድ መሬት ለሁሉም እንዲተርፍ የሆነ ሰው ለረጅም ጊዜ "አይሸጥም" ማለት ነበረበት፣ እዛ "አይሸጥም" ያለው በአጋጣሚ ባለ መድፉ ሆነ።

ድጋሚ ከሄዱ ባትሪ ይያዙ፣ ክፍሎቹ ውስጥ መብራት የለም። ጋቢዎንም አይርሱ፣ ያ ካይት የሚያበርረው ነፋስ ነው።

ጥያቄ፦ እኔ ጀልባ ነጂ ነኝ፣ ቱሪስት ወደ ገዳማቱ አመላልሳለሁ። አንድ አሜሪካዊ ሽማግሌ "የኛን ምሽግ ጃፓን መታው" አለኝ፣ ፊልም ነው ወይስ እውነት?

መልስ፦ እውነት ነው ወንድሜ፣ ሽማግሌው ስለ ፎርት ስቲቨንስ ነው ያወራህ። ኦሪገን ውስጥ የኮሎምቢያ ወንዝ ባሕር ውስጥ የሚገባበት አፍ ላይ ነው፣ በርስ በርስ ጦርነታቸው ጊዜ የተሰራ። ሰኔ 14 ቀን 1934 በኛ አቆጣጠር፣ ማለትም ጎንደር ላይ ጣሊያን እጅ ከሰጠ ሰባት ወር ገደማ ሲሆነው፣ አይ-25 የምትባል የጃፓን ሰርጓጅ መርከብ ሌሊት መጥታ 17 ጥይት ተኮሰች። አመጣጧን ስማ፣ አንተ ትወደዋለህ፣ ውሃ ውስጥ ፈንጂ እንዳለ ስለጠረጠረ አዛዡ ታጋሚ የዓሣ አጥማጆችን ጀልባዎች እየተከተለ ነው የገባው። ዓሣ አጥማጅ የት እንደማይሞት ያውቃል ብሎ!

ምሽጉ ውስጥ ወታደሩ ሁሉ ከእንቅልፉ ተነስቶ ወደ መድፉ ሮጠ፣ እንተኩስ አሉ፣ አዛዣቸው አይሆንም አለ። በስሌታቸው ከመድፎቹ ርቀት ውጪ ናት፣ ደሞ ከተኮሱ የእሳቱ ብልጭታ የት እንዳሉ ይነግርባቸዋል። ወታደሮቹ በጣም ተናደዱ ይባላል፣ ዕድሜ ልካቸውን የሰለጠኑበትን ነገር በቀኗ ከለከላቸው። እኔ በበኩሌ አዛዡ ልክ ነበረ ባይ ነኝ፣ ምክንያቱም ጃፓኖቹ በጨለማ በግምት ነበር የሚተኩሱት፣ የመቱትም የቤዝቦል ሜዳ አጥርና አንድ ሁለት ገመድ ነው፣ ሰው አልሞተም። በዛ ጦርነት በአሜሪካ ዋና ምድር ላይ በጠላት መድፍ የተደበደበ የጦር ካምፕ እሱ ብቻ ነው። አሁን እሱም ፓርክ ነው፣ ድንኳን ተክለው ያድሩበታል፣ ዳርቻው ላይ ደግሞ በ1906 አሸዋ ላይ የወጣች የፒተር አይርዴል መርከብ አፅም እስካሁን ቆሟል።

ጥያቄ፦ ከደብረ ታቦር ነኝ፣ ተማሪ። የአፄ ቴዎድሮስ ሴባስቶፖል ከነዚህ የአሜሪካ መድፎች ጋር ሲወዳደር እንዴት ነው? ጓደኞቼ ጋር ተጨቃጭቀናል።

መልስ፦ ጭቅጭቁ ደስ ይላል። ሴባስቶፖል ሞርታር ነው፣ እዛው እናንተ ጋ ጋፋት ላይ በአውሮፓውያን የእጅ ባለሙያዎች የቀለጠ፣ ወደ 7 ቶን የሚመዝን፣ 70 ኩንታል በለው። ስለዚህ ዘመዱ ከላይ የጻፍኩት ብቅ ጥልቅ የሚለው መድፍ ሳይሆን ጉድጓድ ውስጥ ያለው ሞርታር ነው። ልዩነቱ ሴባስቶፖል በአፉ ነው የሚጎርሰው፣ የአሜሪካኖቹ ከኋላ ይከፈታሉ፣ መሃላቸው ሠላሳ ዓመት አለ፣ በዛ ዘመን ሠላሳ ዓመት ብዙ ነው። በሌላ በኩል ግን የአሜሪካው መድፍ በመርከብና በባቡር እየተጫነ ነው ቦታው የደረሰ፣ ሴባስቶፖል በሰው ጉልበት እየተጎተተ፣ መንገዱም አብሮ እየተሰራ፣ ከደብረ ታቦር መቅደላ ለመድረስ ወራት ፈጀበት፣ በመጋቢት 1868 ነው የደረሰው። አሁንም መቅደላ አምባ ላይ ነው ያለው፣ አዲስ አበባ ቴዎድሮስ አደባባይ ያለው አምሳያው ነው። ስሙ ደግሞ ከየት መጣ? በክሪሚያ ጦርነት በ1854 እና 55 ከተከበበችው ከሴባስቶፖል ከተማ። እሷም የባሕር ዳርቻ ምሽግ ነች፣ ስለዚህ ተራራ ላይ የወጣው መድፍ የባሕር ስም ነው የተሸከመው። ለጓደኞችህ ይሄንን ንገራቸውና ሻይ ያስገባሉ።

ጥያቄ፦ ጣና ላይስ ምሽግ ነበረ ወይ? በአጭሩ።

መልስ፦ በመድፍ የሚጠበቅ የዳርቻ ምሽግ ከሆነ አይ። ሐይቁ ራሱ ነበር ምሽጉ። በግራኝ አህመድ ዘመን የቤተክርስቲያን ንዋየ ቅድሳት ወደ ደሴቶቹ ይሸሽ ነበር፣ ዳጋ እስጢፋኖስ ላይም የነገሥታት አፅም አርፏል፣ ታንኳ የሌለው ሰው አይደርስበትም። ከፍ ብሎ ማየት የፈለገ ደግሞ እንፍራዝ ጋ ጉዛራ አለ፣ አፄ ሠርፀ ድንግል የሰሩት ግንብ፣ ጣናን ከላይ ያያል። ጉዛራ የሄደ ሰው ከጎንደር ግንቦች የሚቀድም መሆኑን ሲሰማ ይደነግጣል፣ ብዙ ሰው ግን በመኪና አጠገቡ ያልፋል እንጂ አይወጣም።

ጥያቄ፦ ዜማ ተማሪ ነኝ። አሜሪካ አንድ ምሽግ ውስጥ ድምፅ 45 ሴኮንድ ሳይጠፋ ይቆያል የሚል ቪዲዮ አየሁ፣ ይቻላል እንዴ?

መልስ፦ ይቻላል፣ እሱም ፎርት ዎርደን ነው። ከመሬት በታች ለእሳት አደጋ ብለው የሰሩት ክብ የውሃ ማጠራቀሚያ አለ፣ 2 ሚሊዮን ጋሎን የሚይዝ፣ 7 ሚሊዮን ተኩል ሊትር ገደማ ማለት ነው። ውሃው ሲወጣ የቀረው ባዶ ኮንክሪት ነው፣ ጨርቅ የለ፣ መስኮት የለ፣ ድምፁን የሚጠጣ ነገር የለም፣ ከግድግዳ ግድግዳ ሲመላለስ 45 ሴኮንድ ይቆያል። ሙዚቀኞች ገብተው ቀርፀውበታል። አንተ ብትገባ የምመክርህ ወረብ አትጀምር፣ ከበሮው ከራሱ ጋር ይጋጭብሃል። ዝማሜ ይሁን፣ አንዱን ቃል ልቀቅና መቋሚያህን ተደግፈህ ጠብቅ፣ ድምፅህ ዞሮ መጥቶ ይቀበልሃል።